ለብስክሌት ቡድናችን አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የቦሌ–መገናኛ የብስክሌት መስመር ብዙዎቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። መስመሩ ከእግረኛ መንገዱ ጎን ስለሆነ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው ይገባበታል። አትቆጧቸው። ፍጥነት ቀንሱ፣ የብስክሌታችሁን ደወል ደውሉ፣ «እማማ፣ በግራዎ ላልፍ ነው» በሉ። መስመሩ የእኛ ነው ብሎ ሰው መግፋት፣ መኪና በእኛ ላይ የሚያደርገውን መድገም ነው።

መስመሩ ሲያበቃ ደግሞ ከባዱ ታክሲ ነው። የሚኒባስ በር በቀኝ ስለሚከፈት ተሳፋሪው የሚወርደው በቀጥታ እኛ ላይ ነው፤ «ወራጅ አለ» ከተባለ በቀኝ ሾልካችሁ አትለፉ፣ ቁሙ። የምታውቋቸውን ሾፌሮችም በትሕትና ንገሩልን፦ ሲያልፉን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁልን፣ ከኋላችን ድንገት ጥሩንባ አይንፉብን። ሚዛን ያስታል።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ጥሩ ነው፤ ጭሱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ መኪናም ግን መንገድ ያጨናንቃል፤ ለዚህ ነው ብስክሌት ላይ የምሟገተው።

እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ስንገናኝ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወልና ሄልሜት ይዛችሁ ኑ። ትርፍ መብራት ያላችሁ ለአዲሶቹ አምጡላቸው።