ምርመራው የሚዛባው ቃል ሲሰጥ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የመንግሥት ምርመራዎች ስላጡት የሕዝብ አመኔታ ያወጣችሁት ጽሑፍ ትኩረቱን በኮሚሽነሮቹ ማንነት ላይ ብቻ አድርጓል። ወገንተኝነት ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ከታች፣ ቃል በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ምስክር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ሊቀመንበሩ ፊት ሲቀመጥ ምን ሊናገር እንደሚደፍር መገመት አያቅትም። እንደ ጅማ ባለ አካባቢ ደግሞ ምስክሩ በአፋን ኦሮሞ ተናግሮ መዝገቡ በአማርኛ ሲጻፍ፣ አስተርጓሚው ከሚመረመረው መሥሪያ ቤት የመጣ ከሆነ፣ የድርጊቱ ሰዓትና የፈጻሚው ማዕረግ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል። ምስክሩም ሳይነበብለት ይፈርማል።

ሌላው ችግር የአጣሪ ኮሚሽን አባላት የሐሳብ ልዩነት ሳይታተም መቅረቱ ነው። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ የደረሰውን ግድያ ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መዝግቧል። ምክትል ሰብሳቢው ከአገር ወጥተው፣ አብላጫው አባል የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅመዋል ብሎ ድምፅ ሰጥቶ እንደነበር ተናገሩ፤ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን ተቃራኒውን ደመደመ። የተሰጠው ድምፅ በጊዜው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በስደት ባልተካሄደ ነበር።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወደፊት አጣሪ ኮሚሽን በሚያቋቁምበት አዋጅ ውስጥ የሚከተለው ይካተት፦ ቃል ከቀበሌና ከፖሊስ ግቢ ውጭ፣ በምስክሩ ቋንቋ ይጻፍ፣ በድምፅም ይቀዳ፤ ተነቦለት በየገጹ ይፈርም፣ ቅጂም ይሰጠው። የተለየ ሐሳብ ያላቸው አባላት ጽሑፍ ከነድምፅ ቆጠራው ከሪፖርቱ ጋር ይታተም፤ ሙሉ ሪፖርቱም ምክር ቤቱ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይፋ ይሁን። የምስክሮች ስም ብቻ ይሸፈን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ