ዘንድሮ ለማን ትጫወታለህ?

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የግራ ጉልበቴም ከባለፈው ይሻላል።

እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ አንድ የሰፈር ሰው «ልጅዎ ዘንድሮ ለማን ነው የሚጫወተው?» ብሎ ቢጠይቅዎ የአምናውን ክለብ እንደ ነገሩት፣ ሰውየውም በሰው ፊት እንዳረመዎትና እንዳፈሩ አጫወቱኝ። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ የምትረጋበት ቦታ የለህም?» አሉኝ። እኔ ስቄ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርሁት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እርስዎ ምድር ባቡር ሲሠሩ አዋሽ አድረው ቢመለሱም እናታችን የት እንዳሉ ታውቅ ነበር፤ ሐዲዱ አንድ ነበርና። የእኔ መንገድ እንዲህ ስላልሆነ፣ በስልክ የሸሸሁትን ጥያቄ በጽሑፍ ልመልስልዎ።

በ2002 ዓ.ም፣ በ19 ዓመቴ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ በስምንት የእግር ኳስ ክለቦች ተጫውቻለሁ። የእኛ ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ የሚያበቃውም የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሰኔ 30 ላይ ነው። ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ ገንዘብ ስለሆነ፣ ከንቲባው ሲቀየር የክለቡ ቦርድ ይቀየራል፣ ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይነሣል፣ አዲሱም አሠልጣኝ ቀድሞ የሚያውቃቸውንና የሚያምናቸውን ተጫዋቾች አስከትሎ ይመጣል። አጥቂ ቢሆን ያገባቸው ግቦች ይከራከሩለታል፤ እንደ እኔ ያለ የመሃል ተከላካይ ግን ሥራውን በደንብ በሠራበት ቀን ስሙ አይነሣም፣ ስሙ የሚነሣው በስሕተቱ ነው። ከሰባቱ ዝውውሮቼ በራሴ ፈቃድ የሄድሁባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። በቀሩት ክረምቶች ሁሉ ሻንጣዬን ይዤ የወጣሁት ውሌ ስላልታደሰ ነው፤ ይህን ለእርስዎ በግልጽ ነግሬዎት አላውቅም።

የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ የነበረውን ፍቅሩ ተፈራን ያስታውሱታል፤ ግብ ሲያገባ የሚገለባበጠውን። ደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ቼክ ሪፐብሊክ ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫውቶ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም ኮልካታ ላይ በሕንድ ሱፐር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። ያን ሁሉ አገር ሲዞር አልረጋ አለ ያለው ሰው አልሰማሁም፤ ሁላችንም ኮራንበት። ከአርባ ምንጭ አዳማ፣ ከአዳማ ጅማ ለሚዞረው ግን ሌላ ስም ይወጣለታል። እንጀራው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በመንገዱ ርዝመት ብቻ እንዲህ መለያየቱ ትክክል አይመስለኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ወደ ድሬዳዋ የመጣሁበት ጊዜ ነው። እንደሚያውቁት ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ፣ ከባሕር ዳር ወደ ድሬዳዋ፣ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ሲዘዋወር ቆይቷል። «በሜዳችን» የሚለው ቃል ለእኛ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ፤ ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መመዘኛ ስላላሟሉ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን የሜዳውን ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ሄዶ ነው የተጫወተው። የውድድሩ ተራ ድሬዳዋ ሲደርስ እኔም ባደግሁበት ከተማ እንደ እንግዳ ሆቴል ገባሁ። ቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለ፣ የቡድኑ ሕግ አልፈቅድ ብሎኝ ሌሊቱን ከሌላ ተጫዋች ጋር በአንድ ክፍል አሳለፍሁ። እርስዎ ከዘራዎን ይዘው ስታዲየም ገብተው ጥላው ያለበትን ቦታ መርጠው ሲቀመጡ ከሜዳው አየሁዎት። በተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርሁ። እስከ መጨረሻው ደቂቃ አልገባሁም፤ እርስዎም እስከ መጨረሻው ደቂቃ አልተነሡም። ከጨዋታው በኋላ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ከእናቴ የተላከውን ምሳ ዕቃ አቀበሉኝ፤ «በርታ» ከማለት በቀር ለምን አልገባህም አላሉኝም። ስለዚያ ዝምታዎ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ።

አንድ የደበቅሁዎት ነገርም አለ። በ2011 ዓ.ም ክረምት የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ተባለ ሲባል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሁላችንም ጣሪያውን የምንበላ መሰለው፤ እኔም ዝም አልሁ። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ሲሰረዝ፣ ያን ጊዜ የነበርሁበት ክለብ የአራት ወር ደመወዜን ሳይከፍለኝ ቀረ። ከጡረታዎ ካጠራቀሙት 12 ሺህ ብር ስበደርዎ ለቦታ ቀብድ ነው ያልሁት ውሸት ነበር፤ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ነው የዋለው። ብሩን በታናሽ እኅቴ የባንክ ሒሳብ ልኬዋለሁና ይቀበሉኝ፤ ስለ ውሸቴም ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን 33 ዓመቴ ነው። እዚያው ድሬዳዋ የታዳጊ ቡድን እንዳሠለጥን የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ክለብ የአንድ ዓመት ውል አቅርቦልኛል። ልቤ ያለው ሜዳው ላይ ነው። ጉልበቴ አንድ ዓመት እንደሚችል አምናለሁ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያዩኝ ያ ቀን መጨረሻው እንዲሆንም አልፈልግም። የእርስዎ ምርቃት ግን ያስፈልገኛል፤ አይሆንም ካሉኝ እመጣለሁ።

ይሁን ካሉኝ ደግሞ፣ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት ስልክ ደውዬ የክለቡን ስም ከማንም አስቀድሜ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። ያ የሰፈር ሰው ዳግመኛ ሲጠይቅዎ የሚመልሱለት የዘንድሮውን ይሆናል።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ