«መቼ ትድናለህ?» ብላችሁ ላልጠየቃችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ላደረሰኝ ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎ ለእናንተ።

ብዙዎቻችሁ የሆንኩትን የሰማችሁት በወሬ ነው። ስትሮክ ነው ያላችሁም አላችሁ። አይደለም። ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። የሰውነት የመከላከል አቅም ጀርም ሊዋጋ ተነስቶ ዞሮ የራሱን ነርቮች ያጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተራ ተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ነው። እኔም ሆዴን አሞኝ ተሽሎኝ ነበር፤ ረስቼውም ነበር። ከዚያ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቀጥሎ እጄ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት ተሳነው። በሽታው በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው አንዱን ወይ ሁለቱን ነው የሚይዘው። ዕጣው ለእኔ ወጣ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። የአምስት ዓመት ዕቅዴ ኤክሴል ላይ በየወሩ በቀለም ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። ማስተርስ መቼ፣ ቤት መቼ፣ ሠርግ መቼ፤ ሁሉም የራሱ ሳጥን ነበረው። ሆስፒታል ተኝቼ ጣቴን ማንሳት ባቃተኝ ሰሞን ስልኬ ጎህ ሳይቀድ «ሩጫ!» እያለ ይጮህ ነበር። የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር እየመጣች ታጠፋልኛለች። አንድ ቀን «ኧረ ማነው በዚህ ሰዓት ሩጫ የሚጠራዎት?» አለችኝ። ፊቴም ስላልታዘዘኝ መሳቅ አልቻልኩም። በሆዴ ግን ስቄአለሁ። ሲስተር፣ ሳቁን ዘግይቶም ቢሆን ይቀበሉኝ።

ሐኪሜን «መቼ እነሳለሁ?» ስላቸው «አላውቅም» አሉኝ። ፊት ለፊት፣ ሳያቅማሙ። በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ከተገለጸ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። እስከ 4 ሳምንት ድረስ እየባሰ ሊሄድ እንደሚችል ይታወቃል። ከዚያ እንደሚቆም፣ አብዛኛውም ሰው ቀስ በቀስ እንደሚሻለው ይታወቃል። ቀኑን ግን የሚቆርጥልህ የለም። አንዱ በሳምንታት ይነሳል፣ ሌላው ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዶክተር፣ ሊያጽናኑኝ ብለው ቀን ቢሰጡኝ ኖሮ ያን ቀን ሙጭጭ ብዬ እይዘው ነበር። ሲያልፍ ደግሞ ማን ይችለኝ ነበር? እንኳን አልሰጡኝ።

እዚያ ክፍል ዕቅድ የለም ማለቴ አይደለም። ኧረ እንዲያውም! ገላዬ በመተኛት ብዛት እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡኛል። ደጋግመው ደግሞ «በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ» ይሉኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ትንፋሼ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ከጀመረ የመተንፈሻ ጡንቻዬ እየደከመ ነው ማለት ነው፤ ቬንቲሌተር፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽን፣ ይዘጋጃል። ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት ዝንፍ የማይል ዕቅድ አላቸው። ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ምንም የላቸውም። እኔ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ የምገባበትን ቤት የሳሎን ቀለም አውቃለሁ፤ ዛሬ ማታ እናቴ ጋ ልደውል አልደውል ግን አላውቅም። አሁን የእነሱን አኗኗር ነው የያዝኩት። ይመቻል።

ስማችሁን የማላውቅ ሰዎችም አላችሁ። የተሰጠኝ መድኃኒት ኢሚዩኖግሎቡሊን ይባላል። በፋብሪካ ብቻ የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ ከሺዎች ሰዎች የተለገሰ ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ተጣርቶ ነው የሚሠራው። ጠርሙሱ ከላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ስለ እናንተ አስብ ነበር። አንዳችሁም እኔን ብላችሁ አልተነሳችሁም። ለማን እንደሚደርስ ሳታውቁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሰጣችሁ። እናንተን በየትኛው ሳጥን አስገባችሁ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ።

እህቴ፣ የካላንደሬን ቀጠሮዎች አንድ በአንድ እየደወልሽ የሰረዝሽልኝ፣ ውለታሽ አለብኝ። እጮኛዬ፣ የሠርጉ ነገር ሲነሳ «ስትቆም እናገባለን፤ ካልቆምክም ተቀምጠን እናገባለን» ያልሽውን አልረሳውም። ፊዚዮቴራፒስቴ፣ «ዛሬ አውራ ጣት ብቻ» እያልክ ከነገው ስላስጣልከኝ ተባረክ። ጓደኞቼ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ኳስ ስትከራከሩ ለዋላችሁት ምስጋናዬ ብዙ ነው።

«ለበጎ ነው» ላላችሁኝም አመሰግናለሁ፤ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛልና። በዚህ ግን አልስማማም። በሽታው በጎ አልነበረም። በጎዎቹ እናንተ ናችሁ።

አሁን በከዘራ እራመዳለሁ። ጣቶቼ ገና ይደነዝዛሉ፤ ይህን ስጽፍም ፊደል እየሳትኩ ነው። መሥሪያ ቤት መቼ እንደምመለስ ጠይቀውኛል። በመጣሁ ጊዜ ታዩኛላችሁ ብያለሁ፤ አለቃዬም እሺ ብለዋል፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

የእንኳን ተረፍክ ድግስ እናዘጋጅ ብላችሁ አዳራሽ ልትከራዩ እየተመካከራችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፣ ቀን አትቁረጡ። ደስ ያላችሁ ዕለት ጠዋት ደውሉልኝ። እግሬ እሺ ካለ እመጣለሁ። እምቢ ካለ እናንተ ኑ።