ለደንበኞቻችን፦ የፒካፓችሁ መብራት ደከመ ብላችሁ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልን ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አሮጌ ሃይሉክስ፣ ኤል 200 ምናምን ይዛችሁ እየመጣችሁ "ኤልኢዲ ግጠሙልን" ስትሉን እኛ ደግሞ "ቆይ መጀመሪያ እንለካው፣ ግማሽ ቀን ተዉልን" ስንል ቅር ያላችሁ አላችሁ። አዳማ ውስጥ በ10 ደቂቃ ገጥሞ የሚሸኝ ሞልቷል፣ እናውቃለን። ለምን እንደዛ እንደማናደርግ ግን ልናስረዳችሁ ይገባል።

20 እና 25 ዓመት የሰራ ፒካፕ መብራቱ ሲደክም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፣ ኃይሉ ከባትሪ ተነስቶ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ይሄ ሁሉ በቀጭን ሽቦ ዞሮ ሲመጣ ማብሪያው ውስጥ ያለው ኮንታክት ከጠቆረ፣ ሶኬቱ ከላላ፣ ቦዲው ላይ የታሰረው ግራውንድ (ኃይሉ ወደ ባትሪ የሚመለስበት ሽቦ) ከዛገ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል። ሃሎጅን አምፖል (የተለመደው ባለ ክሩ) ደግሞ ቮልት ሲያንሰው አይችልም፣ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

በቀደም ከመቂ ቲማቲም የሚጭን ደንበኛችን መጣ፣ ሶስተኛ አምፖሉን ገዝቶ። ሞተሩ እየሰራ፣ መብራቱ በርቶ ለካነው፣ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት፣ አምፖሉ ጀርባ 11.4። (ራሳችሁ የምትለኩ ከሆነ መብራቱ በርቶ ይሁን፣ አምፖሉን ነቅላችሁ ከለካችሁ ሙሉ ቮልት ያሳያችሁና ያታልላችኋል።) የግራ መብራቱን ግራውንድ ስፒል ስንፈታው ከስሩ አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፣ ሽቦውን ስንልጠው መዳቡ ከሰል መስሏል፣ ንጹህ እስክናገኝ ድረስ እየቆረጥን አንድ ስንዝር ወደኋላ ሄድን። ከዛ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቀን አዲስ ግራውንድ አሰርን፣ አንድ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ለአጭሩ መብራት አንድ ሪሌ ለረጅሙ አድርገን በወፍራም ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ አመጣንለት፣ ፊውዙን እዛው ባትሪው አጠገብ። አሁን አሮጌው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ነው የሚያዘው። አምፖሉን አልነካንም፣ 13.6 ደረሰ። ማታ ወለንጪቲ አካባቢ ሆኖ ደወለና "አህያዋን ከሩቅ አየኋት" አለን። ለኛ ከዚህ በላይ ምን አለ።

ባለ 100 ዋት አምፖል ግጠሙልን ለምትሉ ግን አንገጥምም። እኛም ድሮ ገጥመን ሶኬቱ ቀልጦ አንጸባራቂው ጠቁሮ አይተነዋል፣ የደንበኛውን ዕቃ ከኪሳችን ነው የተካነው። ሌላው፣ እዚህ ከተማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚበዛ ሱቁ ሁሉ የ24 ቮልት አምፖል አለው፣ ፒካፓችሁ 12 ነው፣ የ24ቱ ከገባበት ፍም ነው የሚመስለው፣ እግሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ወደ ኤልኢዲው ስንመጣ አንጠላውም፣ ለፓርኪንግ፣ ለታርጋ፣ ለጋቢና ውስጥ በጣም ጥሩ ነው፣ ኃይልም አይበላም። የፊት መብራቱ ቤት ግን የተሰራው ለሃሎጅን ክር ነው፣ ብርሃኑ ከዛች ቦታ ትንሽ ከተዛነፈ መንገዱ ላይ መውደቁን ትቶ የመጪው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የአዋሽ መንገድ ላይ ማታ ለነዳ ሰው ይሄን መንገር አያስፈልግም። በዛ ላይ ብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ነው፣ ለዛ ያልተሰራ ኤልኢዲ ሲገባበት ወይ አይበራም ወይ ረጅምና አጭሩ ይምታታል፣ እናንተ ደግሞ ዕቃው ተበላሽቶ ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ፍሬቻ በኤልኢዲ ከተቀየረ በኋላ በጣም ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ ብልጭ የሚያደርገው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው፣ ባለ 21 ዋቱን ጭነት ስላጣው። ሬዚስተር (የጎደለውን ጭነት የሚተካ፣ ኃይል የሚበላ ዕቃ) የሚያስሩ አሉ፣ ይሰራል፣ ግን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፕላስቲክ አጠገብ ከሆነ አደጋ ነው፣ እኛ ሪሌውን በኤሌክትሮኒክ መቀየሩን ነው የምንመርጠው። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ወይም ፓርኪንጉ አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ለአምፖል አታውጡ፣ የኋላው ግራውንድ ነው፣ ኃይሉ መመለሻ አጥቶ በሌላኛው አምፖል በኩል እየዞረ ነው። አትክልት የምትጭኑ ይሄ ቶሎ ይገጥማችኋል፣ ውሃው ከጭነቱ እየተንጠባጠበ ሶኬቱ ውስጥ ስለሚገባ።

አዲስ የፊት መብራት ሙሉውን የምትገዙም፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለየትኛው መንገድ እንደተሰራ ጠይቁ። በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሰራው አጭሩን መብራት ወደ ግራ ነው ከፍ የሚያደርገው፣ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መጪውን ሰው ማሳወር ማለት ነው።

የመጨረሻው ሥራ መብራቱ የሚያይበትን ከፍታ ማስተካከል ነው፣ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር አቁመን የአጭሩ መብራት የላይ ጫፍ ከአምፖሉ ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ እንዲል እናደርጋለን። ፒካፕ ግን ሲጫን ባልስትራው ኋላ ይቀመጥና አፍንጫው ቀና ይላል፣ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ማታ ጭናችሁ ስትወጡ ሰማይ ያያል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትጭኑ ከሆነ የተለመደውን ጭነት እንደጫናችሁ ኑ፣ ለመለካቱና ለሽቦው ጠዋት አምጡት፣ ለማስተካከሉ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው፣ በቀን ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም፣ አምሽተን እንጠብቃችኋለን።