ለጤና ሚኒስቴር፦ ኮዱን ከካርዱ ጋር አስተያዩልን

ለጤና ሚኒስቴር
ሱዳን ጎዳና፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተኝቶ ሕክምና መረጃ ላይ የኮድ ጥራት ፍተሻ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የሆስፒታሎች ወርሃዊ ሪፖርት በዲኤችአይኤስ2 (የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያ ሶፍትዌር) በኩል ሲደርሳችሁ መሙላቱ፣ በጊዜው መድረሱና ከመዝገብ ጋር መግጠሙ ይታያል። መግጠሙ የሚፈተሸው ኤልኪውኤኤስ በሚባል የአነስተኛ ናሙና ዘዴ ነው፤ 12 የመረጃ ነጥቦች በዕጣ ይወጡና የሪፖርቱ ቁጥር ከመዝገቡ ቆጠራ ጋር ይመሳከራል። ለታሰበለት ሥራ በቂ ዘዴ ነው። የሚፈትሸው ግን ቆጠራን እንጂ ኮድን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሕመም የሚሰጠውን መለያ፣ አይደለም። ካርዱ ላይ አንድ ሕመም፣ መዝገቡ ላይ ሌላ ቢጻፍም ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር እስከገጠመ ድረስ ያልፋል። የምንጠይቀው ካርዱ ራሱ ተከፍቶ ኮዱ እንዲፈተሽ ነው።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ኮድ ሰጪው ዘንድ ሳይሆን የመውጫ ማጠቃለያው ላይ ነው። ታካሚው ከወጣ በኋላ የደረሰ የላቦራቶሪ ውጤት ካርዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ «የሳንባ ምች» የሚለው ግን ሳይታረም ጄ18.9 (መንስኤው ያልተገለጸ የሳንባ ምች) ሆኖ ይቀራል። በመኪና ተገጭቶ የገባ እግረኛ የጭን አጥንት ስብራት ኮድ ያገኛል፤ ማጠቃለያው ስለ አደጋው ካልጻፈ የውጫዊ መንስኤው ኮድ ሳይሰጥ ይቀራል፣ ሰውየውም ከትራፊክ ጉዳት ቁጥር ይወጣል። በነርስ የመድኃኒት ቅጽ ላይ ኢንሱሊን በየቀኑ እየተፈረመለት ማጠቃለያው ላይ የእግር ቁስል ብቻ የተጻፈለት ታካሚ ደግሞ ስኳር እንደሌለበት ይቆጠራል።

ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። ነሐሴ 28 ገብቶ መስከረም 3 የወጣ ታካሚ 10 ቀን ተኝቷል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 11። ጳጉሜን የማያውቅ ቀመር 5 ቀን ይላል።

ከሌላ አገር ጋር ማወዳደር ሲመጣ ችግሩ ይከፋል። ሁለት አገሮች ሁለቱም አይሲዲ-10ን (የዓለም ጤና ድርጅት የሕመም ኮዶች ዝርዝር 10ኛ እትም) እየተጠቀሙ «ዋና ሕመም» የሚሉት ይለያያል። በአሜሪካ ከምርመራ በኋላ ለመተኛት ምክንያት መሆኑ የተረጋገጠው ሕመም ነው፤ በካናዳ ለቆይታው ትልቁን ድርሻ የያዘው። በስብራት ገብቶ በዎርድ ውስጥ ስትሮክ መትቶት ሁለት ወር የቆየ ታካሚ በአንዱ አገር የስብራት፣ በሌላው የስትሮክ ታካሚ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሕመሙ ታካሚው ከመግባቱ በፊት የነበረ ወይም በሆስፒታል የመጣ መሆኑን ይለያሉ። ይህ ካልተለየ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመጣ የደም መመረዝና ታካሚው ይዞት የመጣው አንድ ሆነው ይታያሉ። ተጓዳኝ ሕመሞችን በደንብ የሚጽፍ ሆስፒታል ብዙ ችግር ያደረሰ ይመስላል፤ የማይጽፈው ደግሞ ጤነኞችን ተቀብሎ የገደለ። ደረጃ ሰንጠረዥ የሚወድ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለናል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ትክክለኛነቱ 80 በመቶ ገደማ ነው ብለን ብንነሳ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ወደ ላይም ወደ ታችም በ5 የመቶኛ ነጥብ ክልል ለመገመት ለአንድ ሆስፒታል 246 ካርድ ይበቃል። ዕጣው ከወጡ ታካሚዎች ዝርዝር ይውጣ፤ ወሩም እንደ ሪፖርቱ ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ይሁን። ካርዱ ካልተገኘ «አልተገኘም» ተብሎ ይቆጠር እንጂ በሌላ አይተካ። የጠፉት ካርዶች እንደተገኙት ስለመሆናቸው ምንም ዋስትና የለም፤ የሟቾቹ በብዛት ጠፍተው ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ያማረ ውሸት ይሆናል። ሁለት ኮድ ሰጪዎች የመጀመሪያውን ኮድ ሳያዩ ለየብቻ ይስጡ፣ ሲለያዩ ሦስተኛ ሰው ይዳኝ።

ውጤቱን «ይህን ያህል በመቶ ተስማምተዋል» ብሎ መዝጋት ያሳስታል። ስኳር ከመቶ ካርድ በ5ቱ ብቻ ካለ፣ አንድም ጊዜ ስኳር ብሎ የማይጽፍ ሰው ከካርዱ ጋር 95 በመቶ ይስማማል፤ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካው ካፓ ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ካለው ስንቱ ኮድ እንዳገኘ፣ ኮድ ካገኘውም ስንቱ በእርግጥ ካርዱ ላይ እንዳለ ለየብቻ ይሰላ። ከ246 ካርድ ስኳር ያለበት 12 ገደማ ብቻ ስለሚሆን ተጨማሪ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናውም ከኮዱ አይነሳ፤ ከፋርማሲ የኢንሱሊን ዝርዝር ይነሳ። በኮድ የተመረጠ ካርድ ኮድ ያላገኘውን ሊያሳይ አይችልም።

ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ-11 ኮዶችን አጣምሮ መጻፍን፣ ሕመሙ መቼ እንደመጣ መለየትንም ይፈቅዳል። ለአንድ ታካሚ አንድ የኮድ ሳጥን ብቻ ያለው ሥርዓት ግን ይህን ሁሉ ይጥለዋል። ሶፍትዌር ሲገዛም ሆነ ሲሠራ ለተጓዳኝ ሕመሞች በርካታ መስመሮች፣ ለእያንዳንዱም «ሲገባ ነበረ / አልነበረም / አይታወቅም» የሚል ምልክት እንዲኖር በውሉ ይጻፍ።

ሙከራው በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ ቢጀመር ጥሩ ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ፣ ሌላው በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ነው፤ ሁለቱም ከቢሯችሁ ሩቅ አይደሉም። ከሐምሌ 1 በፊት ቢያልቅ ለቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ ይደርሳል። ውጤቱ በሕመም ዓይነት ይፋ ይሁን፤ ለሠራተኛ ምዘና ግን አይዋል። ለምዘና ከዋለ በሚቀጥለው ዙር የሚታረመው ካርዱ ነው፣ ያውም ፈታሾቹ ከመድረሳቸው በፊት ባለው ሌሊት።

ከአክብሮት ጋር
በአዲስ አበባ የምንሠራ የጤና መረጃ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ