እማ፣ አንቺ የት ነበርሽ?

ሚሚዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? የሲያትል ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው "ነገ" ይላል። ታውቂው የለ።

የላክሽልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ቆጠርኳቸውም፤ 61 ናቸው። ከሥራቸው "ሲክስ ፍላግስ ተዘጋ እኮ! ግን እማ፣ አንቺ የት ነበርሽ? አንዱም ላይ የለሽም" ብለሽ ጽፈሻል። የምትስቅ ፊት ጨምረሽበታል። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ስትደውይልኝ ሁሌ ወይ እየተራመድሽ ነው ወይ አውቶቡስ እየጠበቅሽ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ። አማርኛሽም እንዳይዝግ ይረዳሻል። ያልገባሽ ቃል ካለ ወንድምሽን ጠይቂው። አክስትሽን ግን እንዳትጠይቂ፤ እሷ በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ ናት።

መቼም ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ እዚያ ሜሪላንድ ያለው መዝናኛ ፓርክ፣ ሲክስ ፍላግስ፣ የወሰድሽን አንቺ ነሽ። ሦስተኛ ክፍል ነበርሽ። ፓርኩ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ውጪ 6 ሰዓት ላነበበ ተማሪ ነጻ ቲኬት ይሰጥ ነበር። 6 ሰዓት ማለት 360 ደቂቃ ነው። አንቺ ደግሞ እንደ ባንክ ሠራተኛ አንድ ደቂቃ አይጎድልብሽም። ያነበብሽውን ትጽፊያለሽ፣ እኔ ከሥር እፈርማለሁ። አንድ ቀን ከአያትሽ ጋር ፊደል የቆጠርሽበትን 15 ደቂቃ ጨምረሽ መጣሽና "እማ፣ ይሄ ይቆጠራል?" አልሽኝ። "ሀ ሁ ማንበብ ካልሆነ ሌላ ምን ማንበብ አለ?" ብዬ ፈረምኩልሽ። እስካሁን ያንን ፊርማዬን እኮራበታለሁ።

ቲኬቱ ሲመጣ ግን ያንቺ ብቻ ነው። የእኔን፣ የአባትሽንና የወንድምሽን ከኪሳችን ከፈልን። አባትሽ "ይቺ ልጅ ነጻ ቲኬት አግኝታ አከሰረችን" እያለ ወር ሙሉ አወራው። ለአክስትሽም፣ ለጎረቤቱም፣ ለታክሲው ተሳፋሪም ሳይነግር አልቀረም።

ነሐሴ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2014። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜና እሑድ አባትሽ ታክሲውን አቁሞ የትም አይሄድም። አክስትሽም ልጆቿን ይዛ መጣች። እኔ ያን ጊዜ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የሌሊት ሺፍት ነበር የምሠራው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ የሱፍ ፍትፍቱን በዕቃ ገለበጥኩ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ። ፍልሰታ ነበራ። በዚያ ላይ እኔ እስከ 9 ሰዓት ነበር የምጾመው። እንቅልፍ አልተኛሁም፣ እህል አልቀመስኩም። ይቺን ያዢልኝ፤ ለጥያቄሽ ግማሹ መልስ እሷ ናት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን 495ን፣ ያን ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ፣ ይዘን መውጫ 15 ላይ ወጣን፣ ከዚያ ሴንትራል አቬኑ። ገና ዛፎቹን አልፈን ሱፐርማን የሚሉት ሮለር ኮስተር፣ ያ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር፣ ከሩቅ ብቅ ሲል ከኋላ ወንበር የወጣው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ አባትሽ እንደለመደው ተነጫነጨ። "እኔ የሚከፈለኝ ስነዳ ነው፤ እዚህ ደግሞ ለመቆም ክፈል እባላለሁ" አለ። አቆመና ወረደ። የቆምንበትን መስመር ቁጥር ማናችንም አላየንም።

ሱፐርማን ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ? ቁመት የሚለኩበት እንጨት ጋ ስትደርሺ ጫማሽ ውስጥ በጣቶችሽ ጫፍ ቆመሻል። የሚለካው ልጅ በትህትና "ተረከዝሽን አውርጂ" አለሽ። የጎደለሽ እንደ አውራ ጣቴ ውፍረት ነው። እዚያው ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ። አባትሽ ሊያጽናናሽ ብሎ "በሰዓት 73 ማይል እኮ ነው የሚሄደው፤ ቤልትዌይ ላይ እንኳ 55 ነው፣ ፖሊስ ያስቆማችኋል" አለሽ። አንቺ የባሰ አለቀስሽ። የአክስትሽ ትልቁ ልጅ ለብቻው ወጥቶ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "ቀላል ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ግን ለግማሽ ሰዓት ቃል አልወጣውም።

ዋይልድ ዋን ግን ፈቀደልሽ። ያ የእንጨቱ ሮለር ኮስተር። አባትሽ ሰሞኑን ስለ መዘጋቱ ታክሲው ውስጥ ሲያዳምጥ ከርሞ ታሪኩን ሁሉ አጥንቶልኛል። ያ ሮለር ኮስተር ለካስ በዕድሜ ከፓርኩም ይበልጣል! የተሠራው በፈረንጆቹ 1917 ነው፣ ማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ላይ። በእኛ እንቁጠረው ካልሽ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቴ እሳት ነክቶት እንደገና ተሠርቷል። የነበረበት ፓርክ 1984 ላይ ሲዘጋ ደግሞ ተሸጠና 1986 ሜሪላንድ ላይ ተተከለ። የእኛው ፓርክ ራሱ 1974 ሲጀመር የዱር አራዊት በመኪና እየዞሩ የሚያዩበት ቦታ ነበር አሉ፤ ስሙን ስንት ጊዜ ቀያይሯል። አባትሽ ይሄን ሁሉ ነግሮኝ ሲጨርስ "እንጨቱም እንደኛ ስደተኛ ነው፣ ወረቀቱን አስተካክሎ እስከ ጥቅምት 23 ሠራ" ብሎ ሳቀ። ጥቅምት 23 የተዘጋበት ቀን ነው፤ በነሱ ኖቬምበር 2። እሑድ ነበር።

ታዲያ አንቺ ዋይልድ ዋን ላይ አራት ጊዜ ወጣሽ። በየመሐሉ እየሮጥሽ ትመጪና እጄን ትጎትቺኛለሽ። "እማ፣ አንዴ ብቻ! እማ፣ ከእኔ ጋር!" እኔ ደግሞ "ዕቃውን ማን ይጠብቃል?" እልሻለሁ። እውነት ነው፣ ስድስት ቦርሳ ነበር፤ የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ የወንድምሽ ቅያሪ ሱሪ፣ የአክስትሽ የመድኃኒት ከረጢት። ግን ሰበብም ነበር።

የት ነበርሽ አልሽኝ አይደል? መውጫው አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። የቦርሳዎቹን ማንገቻ ሁሉ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ እተኛ ነበር። ቁጭ ብዬ። አፌን ከፍቼ ሳይሆን አይቀርም። ያ እንጨት ሲወጣ ቋ ቋ ቋ ቋ ይላል፣ ያኔ እሸለባለሁ። ጫፍ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ያቺ ጸጥታ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ። ወዲያው ጩኸቱ ይመጣል፣ ከሁሉ መሐል ያንቺን እለያለሁ። ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ሳቅ ይዞራል። እሱን ከሰማሁ በኋላ ተመልሼ እተኛለሁ። አራቱንም ጊዜ እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። ፎቶዎቹን ደግሞ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። 61ዱም ላይ ያለሁት በዚህ በኩል ነው።

9 ሰዓት ሲሆን እጃችን ላይ ማኅተም አስመትተን ወደ መኪናው ወጣን፤ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም ነበር። ፍትፍቱን ከፍቼ የመኪናውን ኮፈን እንደ ጠረጴዛ አደረግነው። ሙቀቱ እንጀራውን እንዳዲስ አብስሎት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሱፍ የለም። አንቺ ሁለት ጉርሻ በልተሽ ፋነል ኬክ፣ ያ ስኳር የሚነሰነስበት ጥብስ ሊጥ፣ አማረሽ። ጠዋት "እኔም ፍልሰታን እጾማለሁ" ብለሽ ነበር እኮ። ተመልሰን ስንገባ "እማ፣ እንቁላል አለው እንዴ?" አልሽኝ። "አላውቅም" አልኩሽ። አውቃለሁ። ስኳሩ አፍንጫሽ ላይ ያለው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው፤ አስራ ሰባተኛው።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ።

11 ሰዓት ገደማ አባትሽ ሁላችሁንም ይዞ ማዕበል ወዳለው ገንዳ ሄደ። እኔ "ደክሞኛል፣ እዚሁ ልረፍ" አልኩ። ትንሽ ቆይታ አክስትሽ ብቻዋን ተመልሳ መጣች፣ ፀጉሯን ውሃ እንዳይነካባት ነው። አጠገቤ ቁጭ አለች። እንጨቱ ቋ ቋ ቋ ይላል። አየት አደረገችኝና "ጅዋጅዌያችንን ታስታውሻለሽ?" አለችኝ።

ይሄን አልነገርኩሽም። ልጅ ሆነን ደሴ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ዛፍ ላይ በጠፍር የታሰረ ጅዋጅዌ ነበረን። እሷ ትገፋኛለች፣ እኔ እጮኻለሁ። አንድ ቀን ጠፍሩ ተበጠሰና የፊት ጥርሴ ተሸረፈ። እናታችን በነጠላ ጫማዋ አሳደደችን። ከዚያ ወዲህ ከመሬት የሚያነሳኝ ነገር ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ አውሮፕላን ሲቀር። አውሮፕላኑንም ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

"ተነሺ" አለችኝ። "ዕቃውስ?" አልኩ። "ዕቃሽን ወደዚህ አምጪው" ብላ ስድስቱንም አንጠልጥላ ገንዳው ጋ ለአባትሽ ወስዳ ጣለችለት። "እህቴ ሽንት ቤት ልትሄድ ነው" አለችው። ስልኬም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ሄደ። ለዚህ ነው ፎቶ የሌለው።

ሰልፉ አጭር ነበር። ሐሳቤን የምቀይርበት ጊዜ አጣሁ። ብረቱ ጭናችን ላይ ሲወርድ "ማርያም ማርያም" አልኩ። አክስትሽ "ገብርኤልዬ" አለች፤ ሁለቱንም መጥራቱ አይከፋም። ቋ ቋ ቋ። ከላይ ሲታይ ሜሪላንድ ሁሉ ዛፍ ነው። ገንዳውም ይታያል፣ ሰዉ እንደ ተልባ ፍሬ። ከነሱ መሐል አንዷ አንቺ ነሽ ብዬ ለመፈለግ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ያኔ ጸጥ አለ።

የሆነውን መናገር አልችልም፤ ሆዴ ወደ አንገቴ መጣ። "አዪዪዪ!" ብዬ የጮህኩት በደሴ ድምፄ ነው፣ ለካስ አልጠፋም። አክስትሽ ክንዴን እስኪበልዝ ይዛኛለች። መሐል ላይ የግራ እግሬ ቀለል አለኝ። ነጠላ ጫማዬ በእንጨቶቹ መሐል ወደ ታች ሄዷል። አይቼዋለሁ ሲወርድ። እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት።

ሚሚዬ፣ ቀኑን ሙሉ "ከእኔ ጋር" ብለሽ ለምነሽኝ እንቢ ብዬ፣ አንቺ ዞር ስትዪ ከእህቴ ጋር ወጣሁ። ይሄ ነው ያልነገርኩሽ። አስቤበታለሁ ለምን እንደሆነ። ካንቺ ጋር ብወጣ አንቺን ስይዝ፣ አንቺን ሳይ፣ "አይዞሽ" ስል ያልቅ ነበር። ያን ቀን ሌሊቱን ሰባት አረጋውያን ሳገላብጥ አድሬ፣ ቀኑን ስድስት ቦርሳ ሳቅፍ ውዬ ነበር። ለሁለት ደቂቃ የማንም እናት አልነበርኩም። ታናሽ እህት ነበርኩ። በጣም ደስ አለኝ። አንቺን ሳይ ደግሞ አፈርኩ፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። አክስትሽም ዝም አለች፤ እሷ ምስጢር ስትጠብቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀኝ ጫማዬን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። አንድ ጫማ ምን ያደርጋል። ከዚያ የሆነውን ታውቂያለሽ። መሽቶ ስንወጣ መኪናው የለም። አባትሽ "እዚህ ነው" ይላል፣ አክስትሽ "አይ እዚያ" ትላለች፣ ወንድምሽ አባትሽ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት ዞርን። አስፋልቱ ገና አልበረደም ነበር፣ እኔም ባዶ እግሬን ነኝ። ቅጣቴ ነው ብዬ ዝም ብዬ ሄድኩ።

አንቺ ነሽ ያየሽኝ። "እማ፣ ጫማሽስ?" አልሽኝ። "ተበጥሶ ጣልኩት" አልኩሽ።

ምንም አላልሽም። ቆም ብለሽ ያንቺን አወለቅሽ፣ ያን ሮዙን፣ ከገንዳው የረጠበውን። እግሬ ሥር አኖርሽልኝ። ከጣቶቼ በላይ አይገባም ነበር። መኪናው እስኪገኝ ድረስ ተረከዜን አንጠልጥዬ፣ በጣቶቼ ጫፍ ነው የሄድኩት። አንቺ ባዶ እግርሽን ከፊቴ እየዘለልሽ ነበር።

እናትሽ

ለአባትሽ እንዳትነግሪው። እስካሁን ሽንት ቤት ሄዳ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።