አገልግሎትም በውጤት ማስረጃ ላይ ይስፈር

ለአዘጋጁ፦

ስለ ዘንድሮ ተመራቂዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ሜዳሊያንና ነጥብን ብቻ ማንሳቱ ቅር አሰኝቶኛል። ባለፈው ክረምት በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠመኔውን ከኪሳቸው እየገዙ ልጄን ጨምሮ የሰፈራችንን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ሲያስጠኑ ከረሙ፤ የቀሩትን ቤት ለቤት ሄደው የመለሱትም እነርሱው ናቸው። አመራር ለእኔ ይህ ነው። ሆኖም ቀጣሪ የሚያየው ነጥብን በመሆኑ ድካማቸው ያለ ማስረጃ ይቀራል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሕዝብን የሚያገለግልበት አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቀበሌ ያረጋገጠውን የአገልግሎት ሰዓትና የሥራ ድርሻ ከመጪው ምረቃ ጀምሮ በተማሪው የውጤት ማስረጃ ላይ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ከሐዋሳ